የመርከቡ ክሮች

አባቴ እጁ የሚንቀጠቀጠው በአሰላ ብርድ ይመስለኝ ነበር። እማዬም እንደዚያ ስለምትል አልተጠራጠርኩም። ጠዋት ሻዩን ሲያነሳ ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር እየተጋጨ ቅጭል ቅጭል ይላል፤ እሷ ዞር ሳትል «ዛሬም ጭላሎ ላይ በረዶ ጥሎ ያደረ መሰለኝ» ትላለች። እኔም እጁ እንዲሞቅ ብዬ በማግስቱ የሱፍ ጓንቱን ከከሰል ምድጃው አጠገብ አሰጣለሁ። አንድ ቀን ጓንቱን አቃጠልኩት። አልተቆጣኝም። አውራ ጣቱ የተቃጠለውን ጓንት አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር የኋላሸት» ይለዋል እንጂ አባቴ ዶክተር አልነበረም። ነርስ ነበር፤ በኋላ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ የዓይን ሞራ የሚያወጣ ባለሙያ ሆነ። ሥልጠናውን እንደጨረሰ ከጢቾ ወደ አሰላ መጣንና አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ተቀጠረ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከጢቾ የማስታውሰው ጭቃውንና እማዬ አንድ ክረምት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ ነው። ለምን እንደምታለቅስ ማንም አልነገረኝም። ወንዝ ሞልቶ መኪና ማለፍ ያቃተው ጊዜ፣ ሊወለድ ሁለት ወር የቀረውን ወንድሜን ያጣችበት ክረምት እንደነበር የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ለልጅነቴ ግን ጢቾ ማለት እናት የምታለቅስበት አገር ነበር።

መርከቡ የመጣው አራተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። ለዓይን ሕክምና ዘመቻ ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ፣ ሊመለሱ ሲሉ ለአባቴ አንድ ካርቶን ሰጡት። ክዳኑ ላይ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ሸራውን በነፋስ ነፍቶ ተስሏል። እኔ ሥዕሉን አይቼ ዘልዬ ከፈትኩት፤ ውስጡ መርከብ የለም። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ጣውላዎች፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ስስ ሳንቃዎች፣ በየጥቅሉ የታሰረ ክር፣ ምስር የሚያክሉ ቀዳዳ ያላቸው እንጨቶች፣ አንዲት ቀጭን ወረንጦ። ብቻ ስብርባሪ።

«ተሰብሯል» አልኩት።

«አልተሰበረም፤ ገና አልተሠራም።» ከጣውላዎቹ አንዷን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞራት። «እሳቸው ከሥራ ሲወጡ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ይሄን ነው። እጅ ያፍታታል ብለው ነው የሰጡኝ።»

የዚያን ሰሞን አንድ እሁድ ከሰዓት በረዶ ጣለ። አባቴና እማዬ መኝታ ቤት ውስጥ ያወራሉ፤ እኔ ሳሎን የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ንግግራቸው ይጠፋል፤ ጋብ ሲል ደግሞ ከመሃሉ ይሰማል።

«… በገዛ እጄ ከጨረስኩት ደህና ነኝ ማለት ነው …»

በረዶው መታ።

«… ካልሆነ ግን አስቀምጣለሁ፣ ወይንዬ። ሰው ላይ አልጫወትም።»

«አስቀምጠህስ?»

«ጢቾ ነዋ። በነርስነት የሚቀበሉኝ እዚያ ናቸው።»

እማዬ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ጢቾን አትጥራብኝ» አለች።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ አባቴ መርከቡን ከጨረሰ አሰላ እንቀመጣለን፤ ካልጨረሰ ጢቾ እንመለሳለን፤ እማዬም መስኮት ሥር ትቀመጣለች። አስቀምጣለሁ ያለው የቀዶ ጥገና ቢላዋውን መሆኑን፣ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለክሊኒኩ አሞኛል ብሎ፣ ሌላውን ሥራ ብቻ እየሠራ ቀዶ ጥገና ማቆሙን፣ መርከቡም ለራሱ እጅ ያዘጋጀው ፈተና መሆኑን ከየት አውቄው።

ጠረጴዛውን መስኮቱ አጠገብ አደረገው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል፣ የቀን ብርሃን እስኪጠፋ ይሠራል። የመርከቡ ገላ ብዙም አላስቸገረው። ሳንቃዎቹን በኮላ እያጣበቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ እስከ ጥምቀት ድረስ ጨረሰው። ቤታችን የእንጨት ዱቄትና የኮላ ሽታ ሸተተ። ሦስቱም ምሰሶዎች ቆሙ። ያን ጊዜ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ችግሩ የጀመረው ክሮቹ ላይ ነው። ከየምሰሶው ወደ መርከቡ ጎን የሚወርዱ ገመዶች አሉ፤ መርከበኛ እንደ መሰላል እንዲወጣባቸው በአግድም ክር ይቋጠርባቸዋል። በአንድ ጎን ብቻ ከመቶ በላይ ቋጠሮ ነው፤ እያንዳንዱም ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥ። አባቴ ወረንጦውን በቀኝ እጁ ይዞ በግራው የቀኙን አንጓ ጥፍር አድርጎ ይጨብጣል። ትንፋሹን ይይዛል። ክሩ ግን ይርገበገባል። ቋጠሮው አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይበጠሳል። ጮኾ አያውቅም። ወረንጦውን በቀስታ ያስቀምጥና ወደ ጓሮ ወጥቶ እጁን ይታጠባል። ሳሙናውን እስከ ክርኑ እየቀባ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሸ፣ የባልዲው ውኃ እስኪያልቅ። እኔ ውስጥ ሆኜ የውኃውን ድምፅ እሰማለሁ። ሲመለስ አይቀመጥም። በቃ ለዚያ ቀን አበቃ ማለት ነው።

እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነበርኩ፤ እማዬ ደግሞ በሌላ ትምህርት ቤት የከሰዓት ፈረቃ ታስተምራለች። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቤቱ የእኔ ነው። አንድ ከሰዓት ወንበር ላይ ወጥቼ ክሮቹን አየኋቸው። የጓደኞቼን ሹሩባ የምሠራ ልጅ ነበርኩ፤ ከቀጭን ፀጉር ጋር የተለማመደ ጣት ነበረኝ። የአባቴን ጠማማ ቋጠሮዎች በምላጭ ቆርጬ አወጣኋቸውና እንደገና ቋጠርኳቸው። አምስት መስመር። ጫፋቸውን አባቴ በሚያጣብቅበት ሱፐር ግሉ ነካ ነካ አደረግኩ፤ የኮላው ቆሻሻ እንዳይታይ ጣቴን ምላሴ ላይ አሽቼ ጠረግኩት። መራራ ነበር።

አባቴ መጥቶ ተቀመጠ። አጉሊ መነጽሩን አነሳ። ጎንበስ ብሎ እጅግ ረጅም ጊዜ ቆየ። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ በልቤ እቆጥራለሁ።

«ወይንዬ» ብሎ ተጣራ። «ነይ እስኪ። የትናንቱን እዪው። ትናንት ተናድጄ ሳላየው ነው እንጂ ደህና ወጥቷል እኮ።»

እማዬ መጥታ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ መልሳ መርከቡን አየችና «እሰይ» አለች። የዚያን ቀን እራት ላይ አባቴ ስለ ልጅነቱ እያወራ አሳቀን። እማዬ እስክታነባ ሳቀች። ይህን ካየሁ በኋላ ማን ያቆመኛል? በየቀኑ ሠራሁ። ብልጥ ነበርኩ ደግሞ፤ እንዳይነቃብኝ ከአሥሩ አንዱን ጠማማ እተውለታለሁ።

አንድ ቀን ሱፐር ግሉው አለቀብኝ። ሙሉ ከሰዓት ስጨነቅ ዋልኩ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ካርቶኑ አጠገብ አዲስ ቱቦ ተቀምጧል። አባቴ የገዛው መሰለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ልብስ እያጠብን ሳለ፣ የገዛችው እሷ መሆኗን እማዬ ነገረችኝ። «ጣትሽ ጫፍ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ነበር» አለችኝ። «ራስሽን ሳጥብሽ ስትይዢኝ ይቧጭረኝ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። ጢቾ መመለስ አልችልም ነበር፣ ትንቢት ልጄ። ሞት ነበር ብለሽ ቁጠሪው።» ልብሱን ጨምቃ ገመድ ላይ ሰቀለችው።

መጋቢት ውስጥ መርከቡ አለቀ።

ጎረቤታችን ፈይሩዛ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። እናቷ አዴ ሀሊሜ ከኦጎልቾ መጥተው እሷ ዘንድ ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙ ጨርሶ ነጭ ሆኗል፣ ግራው ጥላ ያያል። የልጅ ልጃቸውን ፊት አላዩም። አባቴ እንዲሠራላቸው ሁለት ወር ሙሉ ጠብቀዋል። ሰው ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል እያለ ማውራት ጀምሯል።

አንድ ከሰዓት ፈይሩዛ ሕፃኗን አዝላ፣ እናቷን እጃቸውን ይዛ ቤታችን መጣች። አዴ ሀሊሜ አማርኛ ብዙ አይሆንላቸውም፤ እኔ ደግሞ ኦሮምኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ነው የለመድኩት። ወንበር አቀረብኩላቸው። መርከቡን ፊታቸው አድርጌ እጃቸውን ያዝኩና አስነካኋቸው።

«ጀልባ ነው?» አሉ። አገራቸው ለዝዋይ ሐይቅ ቅርብ ነው። «እንዲህ ክር የበዛበት ጀልባ ግን አላውቅም። ሰዎቹ የት ይቀመጣሉ?»

«ሰው አይቀመጥበትም። ትንሽ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ፈይሩዛ ጠጋ ብላ በአማርኛ፣ ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ትንቢት፣ የእውነትሽን ንገሪኝ። አባትሽ ይሄን ራሱ ነው የሠራው?»

«ራሱ ነው» አልኩ። ፊቴ አልቀላም። «አንድም ቋጠሮ አልተጣመመም። ይዳብሱት እስቲ፣ አዴ።»

አዴ ሀሊሜ ጣታቸውን በቋጠሮዎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ገመድ። ሳይቸኩሉ። ጨርሰው «ማሻአላህ» አሉ፤ ራሴንም ዳበሱኝ።

ማክሰኞ ቀን ተሠራላቸው። ጠዋት አባቴ ጓንቱን ሳያደርግ ወጣ፤ እኔም ብርዱ ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። ካፖርቱን እንደለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እማዬ ወደ ሥራዋ አልሄደችም፤ ፊቱ ቆማለች።

«ወደቀብኝ» ይላታል። «ወደ ውስጥ ወደቀብኝ፣ ወይንዬ።»

የጋብቻ ቀለበቱ የወደቀበት መሰለኝ። ጣቱን አየሁ፤ ቀለበቱ አለ። ሰዓቱንም አየሁ፤ አለ። ታዲያ ምን ወደቀ ብዬ ቤቱን ስፈልግ ዋልኩ፤ አልጋው ሥር ገብቼ በባትሪ ሁሉ አየሁ። ወደ ውስጥ የወደቀው ከአዴ ሀሊሜ ዓይን መውጣት የነበረበት ሞራ ነበር። እጁ በአንዲት ቅጽበት ስቶ የዓይኑን ውስጠኛ ሽፋን ቀደደው። በሳምንቱ ዓይኑ መገለ። አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ እዚያ የቀኝ ዓይናቸው ወጣ።

ይህን የሰማሁት ከሰፈር ልጆች ነው። የመጀመሪያ ሐሳቤ ስለ አዴ ሀሊሜ አልነበረም። አንድም ቋጠሮ አልተጣመመም ያልኩት እኔ ነኝ የሚል ነበር።

ከወር በኋላ ፈይሩዛ በራችን ላይ ቆመች። ልጇን አዝላለች። አልጮኸችም፤ አልገባምም አለች። አባቴ ወጣላት። እኔ በመስኮቱ አያቸዋለሁ፣ የሚሉት ግን አይሰማኝም። እሱ ቀኝ እጁን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ብዙ ተናገረ። እሷ ትሰማለች። መሃል ላይ ቀና ብላ በቀጥታ እኔ ወዳለሁበት መስኮት አየች።

ነገራት አልኩ። የሠራችው ልጄ ናት አላት፤ አሁን መጥተው ይወስዱኛል። ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ መኪና በቆመ ቁጥር አልጋ ሥር እገባለሁ። ማንም አልመጣም። ልጅ ስለነበርኩ ማንም አለመምጣቱ አላሳረፈኝም፤ ቀኑ የተራዘመ ብቻ ነው የመሰለኝ።

ክረምት ሲገባ ጢቾ ተመለስን። መርከቡን እማዬ አሰላ ታስተምርበት ለነበረው ትምህርት ቤት የማስተማሪያ መርጃ ክፍል ሰጠችው። አባቴ ዳግመኛ ቢላዋ አልያዘም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መርፌ የሚወጋም ሌላ ነርስ ነበር፤ እሱ ካርድ ይጽፋል፣ ጽሑፉም በየዓመቱ እያነሰና እየተንቀጠቀጠ ሄደ። እማዬ ጢቾ ላይ አላለቀሰችም። ዝም ብላ ሠራች። ይሄኛው ከልቅሶው የባሰ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አሁን ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ሁሩታ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ሳይ እውላለሁ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም። እናትና አባቴ ጡረታ ወጥተው አሰላ ተመልሰዋል፤ እኔም ቅዳሜና እሁድ እነሱ ዘንድ ነኝ። የአባቴ በሽታ ፓርኪንሰን ይባላል። ስሙን ሐኪሞቹ ሲነግሩን እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ለካ ከማንም በፊት ያውቀው ነበር።

ባለፈው ጥር አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ለምርመራ መጣች። ወረቀቱ ላይ የልጅቷ አድራሻ ኦጎልቾ ይላል። ቀና ስል ፈይሩዛ ናት። ጸጉሯ ሸብቷል። ልጅቷ ያቺ ሕፃን አይደለችም፤ ሦስተኛዋ ናት። እሷም ወዲያው አወቀችኝ። እናቷ በሕይወት እንዳሉ ጠየቅኳት። «አሉ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደክሞኝ ነበር። ይህን ነገር መሸከም እንደ በሽታ አያጣድፍም፣ እንደ በሽታም አይድንም፤ ብቻ ያደክማል። ቅዳሜ ጠዋት ወላጆቼ ቤት በመሄድ ፈንታ የኦጎልቾን ሚኒባስ ያዝኩ።

አዴ ሀሊሜ ግራር ጥላ ሥር ጆንያ ዘርግተው ሽንኩርት ይለያሉ፤ ደህናውን ወደ ቀኝ፣ የበሰበሰውን ወደ ግራ። የቀኝ ዓይናቸው ጉድጓድ ተከድኗል። በግራው አዩኝ። ማን እንደሆንኩ ፈይሩዛ ስትነግራቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ሳምኩት። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክሩን፣ ምላጩን፣ ሱፐር ግሉውን፣ አንድም ቋጠሮ አልተጣመመም ማለቴን። እያለቀስኩ መሆኑን ያወቅኩት ኦሮምኛው ሲጠፋኝ ነው። እሳቸው እየሰሙኝ መለየታቸውን አላቆሙም።

«ስድስት ዓመት አላየሁም» አሉ ስጨርስ፤ ስለ ዝናብ መዘግየት እንደሚያወራ ሰው። «የግራው ቀዶ ጥገና ቢደረግለት ያይ ነበር። ፈርቼ አላስነካም አልኩ። የልጄ ልጅ ስትድህ አላየሁ፣ ስትሄድ አላየሁ። በኋላ ግራውን አሠርቼ ሳያት ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። ስለ ጀልባው ብዬ አይደለም የሄድኩት፣ ልጄ። ሌላው ሐኪም ሩቅ ነበር፤ አባትሽ ቅርብ ነበር።»

አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ወደ ግራ ጣሉ። ከዚያ ቀና ብለው በዚያች በአንዷ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግልሽ?»

ሊያዋርዱኝ አይደለም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ይህን ቀን ሳስበው ይረግሙኛል ብያለሁ፤ ይምሩኛል ብያለሁ፤ እንዲህ ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«ምንም» አልኩ።

የአሱር ሰዓት ደርሶ ነበር። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ሊሰግዱ ገቡ። እኔ ጆንያው አጠገብ ትንሽ ከተቀመጥኩ በኋላ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ፈይሩዛ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። መንገዱ አቧራ ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር የምትሄደው።

«ያኔ በራችሁ ላይ አባትሽ ያለኝን ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ መሆኔን ነግሮሻል።»

«አዎ ነግሮኛል። ‹ክሮቹ የልጄ ናቸው፤ እያወቅኩ ነው ቀዶ ጥገና የገባሁት› ነው ያለኝ። ‹ክሰሺኝ፣ እሄዳለሁ፤ ልጅቷ ብቻ እንዳትሰማ› አለኝ።» ቆም አለች። «እናቴ ክስ አልፈልግም አለች። እኛ ቤት ግን አንቺን ያነሳ ሰው የለም፣ ትንቢት። አንድም ቀን።»

ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«አትቀየሚኝና፣ ደግመሽ አትምጪ። ከእናንተ ሰው በመጣ ቁጥር እናቴ ስንት ቀን አትተኛም። አባትሽም መጥቶ ነበር፤ ለእሱም ያልኩት ይሄንኑ ነው።»

አሰላ የገባሁት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ እማዬ ሾርባ ታጎርሰዋለች።

«የት ዋልሽ?» አለኝ። ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል፤ ጆሮን ጠጋ ማድረግ ያስፈልጋል።

«ኦጎልቾ።»

ማንኪያው እማዬ እጅ ላይ ቆመ።

«ደህና ናቸው?»

«ሽንኩርት ሲለዩ ነው ያገኘኋቸው።» ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ። «መቼ ነው ያወቅከው፣ አባዬ?»

ምኑን አላለኝም። «የመጀመሪያው ቀን» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ቃላቱ ከበሽታው ጋር እየታገሉ ነው የሚወጡት። «የኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ሳየው … ሳየው የኔ ይመስላል።»

«እኔ እኮ አሥራ ስምንት ዓመት እኔ ነኝ ስል ኖሬያለሁ።»

ይህን አያውቅም ነበር። በሽታው ፊቱን ስላደረቀው ምን እንደተሰማው ፊቱ ላይ አይነበብም፤ እጁ ግን ጉልበቱ ላይ ክፉኛ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እማዬ በእጇ ሸፈነችው።

«አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለ።

«አንተስ?»

«እኔማ ትልቅ ሰው ነበርኩ።»

ሾርባው ቀዝቅዞ ስለነበር እማዬ ልታሞቀው ይዛው ወደ ጓዳ ገባች።